አሥራ ሁለቱ የእሑድ ወንበሮች

መነን ደምሰው የሰው ደወል ሁለት ጊዜ አትደውልም። እሑድ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ በቤይሩት አጠገብ በፋናር ዳገት ካለው ባለ አምስት ፎቅ ሕንፃ በር ትቆምና፣ የሦስተኛውን ፎቅ ቁልፍ አንዴ ተጭና እጇን ታወርዳለች። መድገም መለማመጥ ነው፤ የተለማመጡት ሰው ደግሞ መከልከል እንደሚችል ትዝ ይለዋል ብላ ታምናለች።

«ማን ነው?» ይላል ኢንተርፎኑ በዐረብኛ።

«ቦንጁር፣ ማዳም ማሪያ። መነን ነኝ።»

«ቫኑ አለ?»

«አለ፣ ማዳም።»

ማዳም ማሪያ መልሱን በቃል አይቀበሉትም። ወደ በረንዳው ወጥተው ቁልቁል ያያሉ። ከታች ነጭ ቫን ቆሟል። በመስኮቶቹ ውስጥ ነጠላ የለበሱ ሴቶች ጎን ለጎን ይታያሉ። አሥር ሴቶች የሚያዩት ሰው አይጠፋም፤ የማዳም ማሪያ ስሌት ይህ ነበር። ዓይናቸው ሲጠግብ ወደ ውስጥ ይመለሳሉ፣ የበሩ ቁልፍ ይንኳኳል፣ መቅዲም መብራት የሌለውን አሳንሰር ሳትጠብቅ ደረጃውን እየሮጠች ትወርዳለች።

መቅዲ ሃያ አራት ዓመቷ ነው። ከደብረ ታቦር በኮንትራት ከመጣች በኋላ ለሃያ ስድስት ወራት ቆሻሻ ከመጣል በቀር ያንን በር አልተሻገረችም። ያወጣቻት መነን ናት። አራት እሑድ በዚያው በር ቆማ፣ በማይለወጥ ድምፅ ተከራክራ፣ በአራተኛው ፈቃዱን ተቀበለች። ፈቃዱ ሦስት ማሰሪያ ነበረው። ልጅቷ ከበር ወደ ቤተ ክርስቲያን፣ ከቤተ ክርስቲያን ወደ በር ብቻ ትሄዳለች። የምትወስዳትም የምትመልሳትም መነን ራሷ ናት። መጓጓዣውም ቫኑ ነው፤ ታክሲ አይደለም፣ እግር አይደለም። ሦስተኛውን ማሰሪያ መነን ያን ጊዜ እንደ ቀላል ነገር አልፋው ነበር።

መነን ጥሩ ሰው ናት ለማለት አያስደፍርም፤ ትክክለኛ ሰው ነበረች ማለት ግን ይቻላል። ተወልዳ ያደገችው ደብረ ብርሃን ነው። በሃያ አምስት ዓመቷ ቤይሩት ገብታ ዘጠኝ ዓመት በሐዝሚዬ አንድ ቤት ውስጥ አንድ ሽማግሌ አስታመመች። ሽማግሌው ሲሞቱ ወረቀቷን በሌላ ዋስ ስም አዛውራ ሀደት በሚባል ሰፈር አንድ ክፍል ተከራየች፤ ከዚያ ወዲህ በሐዝሚዬ አምስት ቤት እየተመላለሰች ልብስ ትተኩሳለች። አርፍዳ አታውቅም። ያረፈደንም ይቅር ብላ አታውቅም። የኪዳነ ምሕረት ማኅበር ሰብሳቢ ሆና ስትመረጥ ማንም እጅ ያወጣው ወዷት አልነበረም፤ እሷ ባለችበት ነገር እንደማይዝረከረክ ሁሉም ስለሚያውቅ ነው።

በአርባ አንድ ዓመቷ በአዲስ አበባ ከሚገኝ አንድ ኮሌጅ የርቀት ትምህርት ጀመረች። የመጀመሪያው ኮርስ ማይክሮ ኢኮኖሚክስ ነበር። መምህሩ፣ ስለሺ የሚባል ለስለስ ያለ ድምፅ ያለው ሰው፣ ትምህርቱን በቴሌግራም በድምፅ ይልካል። መነን ሞጁሉን ሀደት ፎቶ ኮፒ ቤት አሳትማ በካልሲ መሳቢያዋ አስቀምጣለች። ካውያውን እያሞቀች፣ በአንድ ጆሮዋ ስለ ፍላጎትና አቅርቦት ታዳምጣለች፤ ሌላው ጆሮዋ የማዳሟን ጥሪ ይጠብቃል። አንድ የሸሚዝ አንገትጌ ተተኩሶ እስኪያልቅ አንድ ሐሳብ ይዘልቃል።

ትምህርቱን ታከብረው እንጂ አታምነውም ነበር። ዋጋ የሰው ጠባይ ነው የሚል እምነት ነበራት። ስግብግብ ያስወድዳል፣ ሰው የሆነ ሰው በልኩ ይሸጣል። ሞጁሉ ግን ጠባይን የማያነሳ፣ ማንም ክፉ ሳይሆን ክፉ ነገር ሊሆን የሚችልበትን መንገድ በቀዝቃዛ ቋንቋ የሚዘረዝር ነበር። ይህን እንደ ጉድለቱ ቆጠረችው።

ቫኑ የሱለይማን ነው። ሱለይማን ስድሳ ዓመት የሞላው፣ ቫኑን ከራሱ ይበልጥ የሚያጥብ ሰው ነው። የፊት መስተዋቱ ላይ ሰማያዊ ዶቃ አንጠልጥሏል፤ ሴቶቹ በጎኑ የኪዳነ ምሕረትን ሥዕል ሲለጥፉ ምንም አላለም፣ እንዳይወድቅም ጠርዙን በራሱ ማጣበቂያ አጠናክሮታል። ከሀደት ይነሳል፣ ሐዝሚዬን ይዞራል፣ ፋናር ይወጣል፣ ከዚያ ወደ ከተማ ይወርዳል። አሥራ ሁለት ወንበር አለው። ለእሑዱ ጉዞ አርባ ስምንት ዶላር ይወስድ ነበር። መነን ይህን ለአሥራ ሁለት አካፍላ ለእያንዳንዷ አራት ዶላር አደረገችው፤ በማኅበሩ መተዳደሪያም ላይ «የተሳፈረ ሁሉ እኩል ይከፍላል» የሚል ዐረፍተ ነገር አስገባች። በዚህ ዐረፍተ ነገር ትኮራ ነበር። ከአሥራ ሁለቱ ስድስቱ እንደ እሷ ተመላላሽ ሠራተኞችና ባለ ሱቅ ነበሩ። ስድስቱ ደግሞ እንደ መቅዲ በአሠሪ ቤት የሚያድሩ የኮንትራት ሴቶች። በቫኑ ውስጥ ይህ ልዩነት አይታይም ነበር።

መቅዲ በሦስተኛው ረድፍ በመስኮቱ በኩል ትቀመጣለች። ሁልጊዜ የምትጠይቀው አንድ ነገር ነበር።

«እትዬ መነን፣ በባሕሩ በኩል ይሂድ በዪልኝ።»

«ይረዝማል።»

«ሰባት ደቂቃ ነው። ለክቼዋለሁ።»

ሱለይማን አማርኛ ባይገባውም ይህን ዐረፍተ ነገር በድምፁ ለይቶት ስለነበር፣ መነን ሳትተረጉምለት መሪውን ያዞራል። መቅዲ ለሰባት ደቂቃ ዝም ትላለች። ከዚያ በኋላ እስከ ቤተ ክርስቲያን በር ድረስ የሚያስቆማት የለም።

በጥቅምት ወር ቤንዚን ጨመረ። ሱለይማን እሑድ ማታ ሴቶቹን ካደረሰ በኋላ ሞተሩን አጥፍቶ መነንን አነጋገራት።

«ያ ኡኽቲ፣ እኅቴ፣ ስድሳ ካልሆነ አልችልም። በአላህ፣ ካንቺ አተርፋለሁ ብዬ አይደለም።»

መነን ፊቱን አየችው፣ ስግብግብነት ፈለገችበት፣ አጣች። በሚቀጥለው እሑድ ድርሻው አምስት ዶላር መሆኑን ለሁሉም ነገረች። በአንድ ዶላር ሰው ከእግዚአብሔር ቤት አይቀርም ብላ ስለነበር፣ ማክሰኞ ዕለት ከተመላላሾቹ ዝናሽና ጓደኛዋ ከቫኑ መውጣታቸውን ስትሰማ እግሯ እስኪቃጠል ወደ ዝናሽ ፀጉር ቤት ተራመደች።

ዝናሽ ሀደት ዋናው መንገድ ላይ ጠባብ ፀጉር ቤት አላት። ሚዶ በጥርሷ ይዛ የአንዲትን ሴት ፀጉር ትሠራ ነበር። ሦስት ሴቶች ተራ ይጠብቃሉ።

«አራት ነበር፣ አምስት ሆነ» አለች ሚዶውን አውጥታ። «እኔ ከዚህ በሰርቪስ፣ በጋራ ታክሲው፣ በሁለት ዶላር ቤተ ክርስቲያን በር ላይ እወርዳለሁ። ያኒ፣ ማለቴ፣ ሦስት ዶላር ለመስኮት ልክፈል?»

«ማኅበርተኛ ነሽ።»

«ማኅበሩን መች ተውኩ? ወንበሩን ነው የተውኩት። ለጽድቅ መቀመጫዬ ያስፈልጋል ተብሎ የት ተጽፏል?»

ተራ ጠባቂዎቹ ሳቁ። መነን አልሳቀችም።

«አንቺና ጓደኛሽ ስትወጡ የሌሎቹ ድርሻ ስድስት ይሆናል፣ ዝናሽ። የኮንትራት ልጆች አሉ።»

«የኔ መቀመጫ እንዲህ የከበረ መሆኑን ማዳሜ ብታውቅ ኖሮ ስምንት ዓመት ሙሉ ቆሜ ባልበላሁ።» ዝናሽ ሚዶውን መለሰች፤ ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ጨመረች። «ልጆቹን እኔም አውቃቸዋለሁ፣ መነንዬ። ግን የሱቅ ኪራይ ማን ያውቅልኛል? ኸላስ፣ በቃ፣ አትጨቅጭቂኝ።»

ወደ ክፍሏ ስትመለስ ሞጁሉን ከመሳቢያው አወጣች። ስድስተኛው ምዕራፍ አንድ ዕቃ ሲወደድ ፈጥኖ የሚተወው በምትኩ ሌላ የሚያገኝ ሰው መሆኑን ይናገራል። ምሳሌው ስለ ሻይና ስለ ቡና ነበር። መነን በኅዳጉ ላይ በእርሳስ «ሰርቪስ» ብላ ጻፈች።

እዚህ ላይ ጥፋቱን የሠራችው እሷ ናት። ሌላ ሴት ብትሆን ነገሩን በትዝብት ትተወው ነበር። መነን ግን ሥርዓት የጎደለው መስሏት ሥርዓት ጨመረች። በሀገር ቤት እድር የቀረ ይቀጣል፤ ቅጣቱም ሰው እንዳይቀር ያደርጋል። ስለዚህ በማኅበሩ ዕለት ተነሥታ «በእሑዱ ጉዞ የቀረ የዕለቱን ድርሻ ይከፍላል፣ ሦስት ጊዜ ቀርቶ ያልከፈለ ስሙ ይሰረዛል» የሚል ሕግ አነበበች። ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። በሰብሳቢዋ ፊት ራስ መነቅነቅ አይከብድም።

ሕጉ የታሰበው ወንበር ባዶ እንዳይሄድ ነበር። ያደረገው ግን ሌላ ነው። ከቀሩት ተመላላሾች ሦስቱና ብቻዋን መውጣት የተፈቀደላት አንዲት የኮንትራት ሴት በወር አንድ ወይም ሁለት እሑድ በሥራ ይቀሩ ነበር። ቀድሞ ሲቀሩ አይከፍሉም፤ ሲመጡ ይከፍላሉ፣ ስለዚህ መቅረታቸው ምንም አያስከፍላቸውም ነበር። አሁን ለቀሩበት ስድስት ዶላር መክፈል ግድ ሲሆን፣ አራቱም በአንድ ሳምንት ውስጥ፣ አንዷ ሌላዋን ሳታማክር፣ ወጡ። እድር ውስጥ ሰው ቅጣቱን ከፍሎ የሚቆየው ከእድር ወጥቶ ብቻውን መቀበር ስለማይችል ነው። ከቫን ግን ወርዶ በሰርቪስ መሄድ ይቻላል። መነን ይህን ልዩነት አላየችውም፤ ማየት ከሚገባቸው ሰዎች ሁሉ በፊት ማየት የሚገባት ደግሞ እሷ ነበረች፣ ምዕራፉ መሳቢያዋ ውስጥ ነበርና።

ስድስት ሴቶች ቀሩ። ድርሻው አሥር ዶላር ሆነ።

መቅዲ በወር ሁለት መቶ ዶላር ይከፈላታል። መቶ ሃምሳውን ለእናቷ ትልካለች። ከቀረው ሃምሳ ለአራት እሑድ አርባ ዶላር ማለት ምን እንደሆነ መነን ያወቀችው፣ ልጅቷ ከቅዳሴ በኋላ ሌሎቹ ሻይ ሲገዙ ወደ ቧንቧው ሄዳ በእጇ ውሃ ስትጠጣ አይታ ነው።

«ሻይ አትጠጪም?»

«ማዳሜ ቤት እስኪያንገሸግሸኝ ነው የምጠጣው፣ እትዬ። ደግሞ ከዚህ በላይ ከጨመረ እኔ ከሱለይማን ጣሪያ ላይ ነው የምጫነው፤ ሻይ ከጠጣሁ እከብድበታለሁ።» ሳቀች። «ባሕሩን ግን ከላይ ይበልጥ አየዋለሁ።»

በዚያ ሳምንት መነን ለመምህሩ የአራት ደቂቃ መልእክት ላከች። በሕይወቷ ከማታውቀው ወንድ ምክር ስትጠይቅ የመጀመሪያዋ ነበር። የቫኑን ነገር ከአርባ ስምንቱ ዶላር ጀምራ ነገረችው። መልሱ በማግሥቱ፣ ሐዝሚዬ የሕፃናት አንሶላ ስትተኩስ ደረሳት።

«እኅቴ መነን፣ እጅግ ጥሩ ምሳሌ አምጥተሻል። ለክፍሉ ሁሉ ብጠቀምበት ደስ ይለኛል። ቫኑ አንድ ሰው ቢጭን፣ አሥራ ሁለት ቢጭን ስድሳ ዶላር ነው። ይህ ቋሚ ወጪ ነው። ተካፋይ በቀነሰ ቁጥር የእያንዳንዱ ድርሻ ይጨምራል፤ ድርሻው በጨመረ ቁጥር አማራጭ ያለው ይሄዳል። እንዲህ እያለ የሚቀረው አማራጭ የሌለው ነው። ነጋዴ ብትሆኚ የምታስወድጂው በማን ላይ ነው? መሄጃ በሌለው ላይ።»

መነን ካውያውን አቁማ መለሰችለት። «እኔ ነጋዴ አይደለሁም፣ መምህር። የጠየቅሁህ ልጅቷ እንዳትቀር ምን ላድርግ ነው።»

ከሰዓት በኋላ አጭር መልስ መጣ። ድምፁ ከመጀመሪያው ይልቅ ዝግ ብሏል። «ይገባኛል፣ እኅቴ። ይቅርታ አድርጊልኝ። ሞጁሉ ግን ከዚህ አያልፍም።»

እንግዲህ ከሞጁሉ ያለፈውን ራሷ ልትሞክር ተነሣች። የወጡትንም ያሉትንም አሥራ ሁለቱን ሴቶች ከቅዳሴ በኋላ በአዳራሹ ሰበሰበችና አዲስ አከፋፈል አቀረበች። ስድስቱ ተመላላሾች ሰባት ሰባት ዶላር ይከፍላሉ፤ ስድስቱ የኮንትራት ሴቶች ሦስት ሦስት። ስድሳው ይሞላል፣ ወንበሮቹም ይሞላሉ። ለራሷም ሰባቱን እንደምትከፍል ተናገረች። ሒሳቡ ስንጥቅ አልነበረበትም።



«እሺ፣ ሰባት ዶላር ከከፈልኩ እግሬን የምዘረጋበት ቦታ አለ?» አለች ዝናሽ። አንዳንዶች ፈገግ አሉ። «ቀልዴን አይደለም። ሁለት ዶላር የምሄድበትን መንገድ በሰባት ሂጂ ነው የምትይኝ። ለአንድ ሳምንት ለጽድቅ ብዬ ልሂድ። ለዓመቱስ?»

ይህን መነን ጠብቃው ነበር። ያልጠበቀችው የቤተልን ነው። ቤተል ሐዝሚዬ የምትኖር የኮንትራት ሴት ናት፤ በስብሰባ ተናግራ አታውቅም። ነጠላዋን አስተካክላ ቆመች።

«እኔን ማን ነው ደሃ ያለኝ?»

«ማንም አላለሽም፣ ቤተል።»

«ሦስት ዶላር ማለት ምን ማለት ነው ታዲያ? እዚያ ቤት የሰው ትራፊ እበላለሁ። እዚህም በሰው ሰባት ዶላር ላይ ተቀምጬ ልሂድ? እኩል ነው የሚከፈለው ያልሽን አንቺ ነሽ፣ እትዬ መነን። ሦስት ዓመት ሙሉ።»

ከኮንትራት ሴቶቹ ሁለቱ ከቤተል ጋር ተነሡ። ቤተል የተናገረችው የመነንን የራሷን ቃል ነበር። መቅዲ ብቻ ከኋላ እጇን እንደ ተማሪ አወጣች።

«እኔ ሦስትም ካላችሁ ሦስት፣ አሥርም ካላችሁ አሥር እከፍላለሁ። ብቻ ቫኑ ይምጣ።»

 ሊከፍሉ የሚችሉት ሁሉ መሄጃ ነበራቸው። መሄጃ ያልነበራት ደግሞ ውሃ በእጇ የምትጠጣዋ ነበረች።

በቀጣዩ እሑድ በቫኑ ውስጥ ሦስት ሴቶች ብቻ ነበሩ፦ መነን፣ መቅዲና የሐዝሚዬዋ ወይዘሮ እጅጋየሁ፣ ጉልበቷ ስለሚያማት በእግር ወደ ሰርቪስ መውረድ የማትችል። ድርሻው ሃያ ዶላር መሆን ነበረበት። መነን ለሁለቱ አሥር እንደሆነ ነገረቻቸውና አርባውን ራሷ ከፈለች። በዚህ ልትመሰገን ትችል ነበር፣ እስከ መጨረሻው ብታደርገው ኖሮ።

ፋናር በሩ ላይ ማዳም ማሪያ ወደ በረንዳው ወጥተው ከወትሮው ይልቅ ረጅም ጊዜ ቁልቁል አዩ። ከዚያ በኢንተርፎኑ መጡ።

«ሌሎቹ የት አሉ?»

«በሌላ መንገድ ይሄዳሉ፣ ማዳም።»

«ለምን ተዉት?»

«ስለ ዋጋው ነው፣ ማዳም። ሌላ ምንም የለም።»

«ዘጠኝ ሰው አንድ ቫን ትቶ የሚሄደው የሆነ ነገር አውቆ ነው።»

መነን ይህ ሐሰት መሆኑን ታውቃለች፤ የዋጋውን ነገር ግን በኢንተርፎን በአንድ ትንፋሽ ማስረዳት አልተቻላትም። ልጅቷ ያን ዕለት ወጣች፤ በሁለተኛውም እሑድ ወጣች። በሁለተኛው ሱለይማን ማንም ሳይጠይቀው በባሕሩ በኩል ነዳ፣ ፍጥነቱንም ቀነሰ። መቅዲ ከመስኮቱ ሳትዞር «ዛሬ ዘጠኝ ደቂቃ ፈጀ» አለች።

ማታ ሱለይማን ኮፍያውን አውልቆ ነገሩን አወጣው። አንድ ዳቦ መጋገሪያ እሑድ እሑድ ሠራተኞች እንዲያመላልስ ጠይቆታል፣ ዓመቱን ሙሉ።

«ሁለት ሳምንት አዘገየኋቸው፣ ያ ኡኽቲ። ከኪስሽ እንደምትከፍዪ ገብቶኛል። የወንድሜ ልጅ ትንሽ መኪና አለችው፣ በሃያ አምስት ይወስዳችኋል። ለሦስት ሰው ትበቃለች።»

በመሳቢያው ውስጥ፣ ከሞጁሉ ሥር፣ መነን መቶ ሃያ ዶላር ነበራት። የሁለተኛው መንፈቅ ምዝገባ ነው፤ ቀነ ገደቡ ዐርብ። ዳቦ ቤቱን እምቢ አሰኝታ ያንን ብር ለሱለይማን ብታደርገው፣ እሷ አርባ እየከፈለች ሦስት እሑድ ይዘልቃል። ከሦስት እሑድ በኋላስ? በአሥራ አንደኛው ምዕራፍ እንደተማረችው፣ የማይመለስ ነገር ላይ ተጨማሪ ማፍሰስ ኪሳራን ማራዘም ነው። አሰበችው፣ ትክክል ሆኖ አገኘችው፣ ሐሙስ ዕለት ተመዘገበች። ሦስት እሑድ ለመቅዲ ሃያ ሰባት ደቂቃ ባሕር መሆኑን ሞጁሉ አላሰላላትም፤ እሷም አላሰላችውም። ትክክል መሆን ከጥፋት ነጻ የሚያወጣ መስሏት ነበር።

ቅዳሜ ፈተና ነበር። አራተኛው ጥያቄ ቋሚ ወጪው ያልተለወጠ ድርጅት ደንበኞቹ ሲቀንሱ አማካይ ወጪው ምን እንደሚሆን ይጠይቃል። መነን እስክሪብቶዋን ሳታነሣ አንድ ገጽ ሙሉ ጻፈች። ለዚህ መልስ ሙሉ ነጥብ እንዳገኘች በኋላ ስለሺ በደስታ ነገራት።

እሑድ ጠዋት ወይዘሮ እጅጋየሁ ጉልበቴ ብላ ቀረች። መነን የሱለይማንን የወንድም ልጅ መኪና ይዛ፣ ትንሽ ቀይ መኪና፣ ፋናር ወጣች። ደወሉን አንዴ ተጫነች።

«ቫኑ አለ?»

«ዛሬ ሌላ መኪና ነው፣ ማዳም ማሪያ። ሹፌሩ የሱለይማን የወንድም ልጅ ነው። እኔም አለሁ።»

ማዳም ማሪያ ወደ በረንዳው ወጡ፣ አዩ፣ ተመለሱ።

«እኔ የፈቀድኩት ቫኑን ነው።»

«ሰውየዋ እኔው ነኝ፣ ማዳም። ሦስት ዓመት ያውቁኛል።»

«አንቺን አውቃለሁ» አሉ፣ ክፋት በሌለው ድምፅ። «መኪናውን አላውቅም። ዛሬ ትረፍ። ቫኑ ሲመጣ ትሄዳለች። መርሲ፣ መነን።»

ኢንተርፎኑ ተዘጋ። መነን ዕድሜዋን ሙሉ ያላደረገችውን አደረገች፤ ደወሉን ደገመችው። ማንም አልመለሰም። ሠለሰችው። ወጣቱ ሹፌር ከመኪናው ውስጥ ሰዓቱን አየ። የቆየበት ሒሳብ እንዲከፈለው ፈልጎ ነበር፣ ግን አፍሮ አልተናገረም። ከፍላ አሰናበተችው።

መነን ከሕንፃው ሥር ቆማ ቀረች። ለምን እንደቆመች አታውቅም ነበር። ጥቂት ቆይቶ የሦስተኛው ፎቅ በረንዳ በር ቀስ ብሎ ተከፈተ። መቅዲ ነጭ ቀሚሷን ለብሳ፣ ፀጉሯን ተሠርታ፣ የወለል መጥረጊያ ይዛ ወጣች። ወደ ውስጥ አንዴ ዞር ብላ አየች። ከዚያ ማዳሟ ከታች አትክልት ሲገዙ የሚያወርዱትን ባለ ገመድ ዘንቢል ከማንጠልጠያው ፈትታ፣ የሆነ ነገር ጣል አድርጋበት፣ እጅ በእጅ እየቀባበለች ወደ ታች ለቀቀችው። ዘንቢሉ የሁለተኛውን ፎቅ ብረት እየነካ ወረደ፣ መነን ደረት ላይ ሲደርስ ቆመ።

ውስጡ አራት ቦታ የታጠፈ አሥር ዶላር ነበር።

መነን ቀና አለች። ምን ነው የሚል ምልክት በእጇ አሳየች።

መቅዲ በብረቱ ላይ ጎንበስ ብላ፣ ድምጿን ወደ ታች ብቻ እንዲወርድ አድርጋ ተናገረች። «የቀረሁበት ነው፣ እትዬ። ሕጉ አይደል?»

መነን የዘንቢሉን ጠርዝ ያዘች።

«ማዳሜ ስልኬን እስከ ሐሙስ አትሰጠኝም፤ ላስታውቅሽ አልቻልኩም። ቫኑን ደግሞ አስጠብቄያቸዋለሁ፣ ማርፈዳቸው በኔ ነው። ይቅርታ በያቸው።» ትንሽ ቆየች። «ስሜ እንዳይሰረዝ።»

ልጅቷ ቫኑ ከመታጠፊያው ወዲያ ቆሞ የሚጠብቃት መስሏታል። ወይዘሮ እጅጋየሁ በመስኮቱ በኩል ተቀምጣ፣ ሱለይማን ሞተሩን ሳያጠፋ፣ እሷ ብቻ ቀርታ። ይህ መነን በአንደበቷ ሠርታ ያነበበችው ሕግ ነበር፤ ከወጡት ዘጠኙ ማንም አልጠበቀውም፤ የጠበቀችው ልትቀር ያልወደደችዋ ብቻ ናት። ብሩን መልሳ ብትልክላት የምትነግራት አንድ ነገር ነው፤ የምትቀሪበት ማኅበር የለም፣ ስምሽም የሚሰረዝበት መዝገብ የለም፣ ያ የመስኮት ወንበር ዳቦ ጋጋሪ ተቀምጦበታል። ይህን ለመናገር እስከ ሦስተኛው ፎቅ መጮኽ ያስፈልግ ነበር፤ ማዳም ማሪያም ውስጥ ነበሩ።

በሕይወቷ ያልሠራችበትን ገንዘብ ተቀብላ የማታውቅ ሴት አሥሩን ዶላር ከዘንቢሉ አነሣች።

«ስምሽ አለ» አለች ወደ ላይ።

መቅዲ ፈገግ አለች፤ ጥርሷ ከዚያ ርቀት ታየ። ከውስጥ ስሟን የሚጠራ ድምፅ መጣ። «ሐደር፣ ማዳም» ብላ ዞራ እሺታዋን መለሰች፤ ገመዱንም መሳብ ጀመረች። ባዶው ዘንቢል ከመውረዱ ይልቅ ፈጥኖ ወጣ፤ የሁለተኛውን ፎቅ ብረት መታ፣ ትንሽ ዞረ፣ ወጣ።